የሙሉመቤት ቀኝ እግር

ሙሉመቤት ጨው የገባበት ሻይ ጠጥታ «ይጣፍጣል» ያለች ሴት ናት። ዓይኔ እያየ! የጎረቤት ልጅ ቀለበት ላይ ነበርን፤ ጓዳ ያሉት ሴቶች በጥድፊያ ስኳርና ጨው አሳስተው ኖሮ፣ ሁላችንም አንድ ጊዜ ቀምሰን ፊታችንን አጨማድደን ብርጭቋችንን ስናስቀምጥ እሷ ጭልጥ አድርጋ ጨረሰችው። «ልጨምርልሽ?» ቢሏት «ትንሽ» አለች። ውጪ ስንወጣ «አንቺ ሴት፣ ጤነኛ ነሽ?» ብላት፣ «ሻይ የቀዳችው ልጅ እንዳታፍር ብዬ ነው» አለችኝ። ይህን የማወራችሁ ሴትዮዋን አስቀድማችሁ እንድታውቋት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

እኔ ፍቅርተ እባላለሁ። ሐዋሳ ፒያሳ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍና ገበር የምሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። ግድግዳ የምንጋራው ልብስ ስፌት ቤት የሙሉመቤት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። አባቷ በግብርና ሥራ ከሸዋ ተመድበው ሐዋሳ የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አንድያ ልጇ ሐና እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ያሳደገቻትም የምታስተምራትም በዚያች በእግር በምትረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው። የሲንጀሯን ድምፅ በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ይጀምራል። ካልሰማሁት እጄ ሥራ አይዝም።

ደንበኛ ራሱ በካውያ ያቃጠለውን ሱሪ አምጥቶ «አንቺ ነሽ ያቃጠልሽው» ቢላት፣ ይቅርታ ጠይቃ በነፃ የምትጠግን ናት። እኔ ነኝ ከግድግዳው ወዲያ ዘልዬ ገብቼ «የት አባቱ! የትኛው ካውያ ነው ያቃጠለው? እስቲ አሳየኝ!» የምለው። «አፍሽ ግን ፍቄ!» ትለኛለች። አፌ ባይኖር ኖሮ በልተዋት ነበር።

ወደ ሰኞው ልምጣ። ጠዋት ነው። ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሆን ጨርቅ ከመናኸሪያ በኩል ገዝታ፣ በትልቅ ፌስታል ተሸክማ አስፋልቱን ልትሻገር ስትል፣ አንዲት ነጭ ቪትዝ ስትታጠፍ ከጎን መጥታ ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች መታቻት። ጨርቁ አንድ ቦታ፣ እሷ አንድ ቦታ ወደቁ።

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ እግሩን ያያል። የእኛዋ ጉድ መጀመሪያ ያደረገችው ቀሚሷን ወደ ታች መጎተት ነው። ስትወድቅ ቀሚሷ ተሰብስቦ ጉልበቷ ወጥቶ ነበርና፣ ያ ሁሉ ባለ ባጃጅና መንገደኛ ቆሞ ሲያያት መሬት ብትውጣት በወደደች። በአንድ እግሯ ዘላ ተነሳችና «ምንም አልሆንኩም! ምንም አልሆንኩም!» ማለት ጀመረች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት፤ በአንድ ጊዜ እንዳይመስላችሁ፣ ጥርስ እንደመንቀል ነው አንድ በአንድ ያወጣሁት።

ሾፌሩ ብሩክ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። ለአንድ ድርጅት በሾፌርነት ከተቀጠረ ገና ሦስት ወሩ፤ መኪናውም የድርጅቱ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። ይባስ ብሎ ደግሞ እናቱ ወይዘሮ ሂሩት የሙሉመቤት የድሮ ደንበኛ ናት። ልጁን ገና ስታየው «አንተ የሂሩት ልጅ አይደለህ? አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» እያለች ታጽናናው ገባች። የተገጨችው እሷ፣ የምታጽናናው እሷ!

መንገዱ ላይ የነበረው ትራፊክ ፖሊስ ደብተሩን ይዞ መጣ። ወንድሙ ይባላል፤ ኋላ ነው ስሙን ያወቅነው።

«እናት፣ ተጎድተዋል?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩም።»

«ሐኪም ይይዎት። የውስጡ አይታወቅም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ልጁን አታጉላላብኝ።»

ወንድሙም የታርጋውን ቁጥር፣ የሷን ስምና ስልክ ጻፈ። ብሩክን ደግሞ «ጉዳት እንዳልደረሰባቸው ፈርመው እስኪሰጡህ ድረስ ጉዳዩ አይዘጋም፤ አንድ ሳምንት አለህ» አለው። ይችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣችው እሷ ናት።

ያን ቀን ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ የለም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ተኩል ሆነ። ብገባ ጨርቁ ላይ አቀርቅራለች። ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ ሥር አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ ያብጣል እንዴ?»

እየማልኩ እየተገዘትኩ አወጣጣኋት። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነበረብን። የሆስፒታል ሰልፍ ቀን ይፈጃል ብለን ቀረን፤ ወጌሻ ተጠራ። ማን ጠራው አትሉኝም? እሺ፣ እኔ ነኝ። አቶ ሽበሺን የጠራሁት እኔ ነኝ። የወንድሜን የወለቀ ትከሻ በአንድ ቀን መልሶለታል፣ እጁ መድኃኒት ነው ብዬ ነው። ሱቄን ዘግቼ ላለመዋልም ነው፤ መቼም እዚህ ከደረስኩ አልዋሽም።

አቶ ሽበሺ ቅቤ ቀብቶ ማሸት ሲጀምር ሙሉመቤት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ላቡ ከግንባሯ ይወርዳል። እኔ ሁለት እጇን ግጥም አድርጌ ይዤ «ቻይው፣ ቻይው፣ ትንሽ ነው የቀረው» እላታለሁ። ሽበሺ ቀና ብሎ «ያማል እንዴ?» አላት። «ኧረ ምንም አይልም» አለችው። እሱስ ምን ያድርግ? አያምም ካሉት ጨከን ብሎ አሸ። በመጨረሻ በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረላትና መርቆን ሄደ።

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። መቀመጥ አቃተኝ። ዚፕ የጠየቀኝን ክር እሰጣለሁ፣ መልስ ሳልሰጥ ሰው እሸኛለሁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቼ ግድግዳውን ዞሬ እገባለሁ። «እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» እወጣለሁ። ተመልሼ እገባለሁ። «ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ እስቲ።» «ኧረ ተይኝ ፍቄ፣ ሥራ አለብኝ።» ሥራ የላትም! ሲንጀሩን በግራ እግሯ ልትረግጥ እየሞከረች ስፌቱ እየተጣመመባት፣ ስትተረትር ነው የምትውለው።

ብሩክ በየቀኑ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። እናቱም ትመጣና «አንቺ ባትሆኚ ልጄ ታስሮ ነበር፣ አለቃውም አባሮት ነበር፤ አተረፍሽልኝ» እያለች ትስማታለች። ሙሉመቤት «ኧረ ቀላል ነው፣ እየተሻለኝ ነው» ትላለች። ብርቱካኑን ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔም ስበላው አንቆ ሊገድለኝ ይደርሳል።

ዶርም ለምታድረው ልጇ ለሐና እንኳ አልነገረቻትም። «ፈተና ላይ ናት» አለች።

ሐሙስ ከሰዓት ጣቶቿን በእጄ ብነካቸው ቀዝቅዘዋል፣ ቀለማቸውም ጠቆር ብሏል። ደነገጥኩ። የቀርከሃውን ማሰሪያ በመቀሴ ቆርጬ ጣልኩት፤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አደርኩ ማለት ይቀላል። አርብ ጠዋት ባጃጅ በሯ ላይ አቁሜ «ውጪ!» አልኳት። «ዛሬ የሚወሰድ ቀሚስ አለኝ» ስትል፣ ቀሚሱን አጣጥፌ ጉያዬ ውስጥ ወሸቅኩት። «ባለቤቷ እኔን ትጠይቀኝ!»

ሆስፒታል ካርድ ለማውጣት እኔ ስጋፋ ሙሉመቤት አግዳሚ ላይ ነበረች። ካርዱን ይዤ ስመለስ ነርሷ አናግራት ጨርሳለች። ምን እንዳለቻት አልጠየቅኩም፤ ምን አውቄ! ራጅ ተነሳች፤ ከዚያ ዶክተር ከድር የሚባል ወጣት ሐኪም ዘንድ ገባን። ራጁን መብራቱ ላይ ሰክቶ ቀረብ ብሎ አየው። ቆየ። እኔ እግሬን መሬት ላይ እደበድባለሁ።

«እናቴ፣ ምን ሆነው ነው ያሉት?»

«ደረጃ ላይ ወድቄ» አለች።

ጆሮዬን አላመንኩትም። «የምን ደረጃ?» አልኩ። «ቤትሽ ደረጃ አለው እንዴ? ሱቅሽ ደረጃ አለው እንዴ? አንቺ ሴት!»

«ደረጃ ነው» አለች፣ እኔን ሳታየኝ።

ዶክተሩ ወደ እኔም ወደ እሷም አየና ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊቷ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ይህ አጥንት ከጎን ተመትቶ ነው የተሰበረው። ደረጃ እንዲህ አይሰብርም። ደግሞ ከቦታው ሸሽቷል። መጀመሪያ ስንጥቅ ብቻ ሳይሆን አይቀርም ነበር። ያሸው ሰው አለ?»

ያን ጊዜ አፌ ተያዘ። ይህ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ። ውስጤ «ተናገሪ» ይለኛል፣ ምላሴ አልላወስ አለ። ሙሉመቤት ቀና ብላ አየችኝና «እኔው ራሴ ነኝ ያሸሁት» አለችው።

ለእኔም ዋሸችልኝ። የገዛ እግሯን ካስሰበርኩት በኋላ እንዳላፍር ብላ።

ዶክተር ከድር ረጋ ብሎ ነገራት። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ አጥንቱ በብረት ይያያዛል፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር አጥንቱ እንደተጣመመ ይገጥምና እግሩ እንደልብ አይረግጥም፤ ከሚቀጥለው ሳምንት አይለፍ። ብረቱ ተገዝቶ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። «መኪና ገጭቶዎት ከሆነ» አለ፣ «እያንዳንዱ መኪና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለው። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ግን ፖሊስም ኢንሹራንስም መጀመሪያ የሚጠይቁት ይችን ካርድ ነው። እኔ ደግሞ የምጽፈው እርስዎ የነገሩኝን ነው።»

ብዕሩን ካርዱ ላይ አድርጎ ጠበቃት። እኔ በልቤ ስንቱን ታቦት ጠራሁ።

«ደረጃ ነው ልጄ» አለች። ጻፈው።

ባጃጁ ውስጥ ተጣላን። ማለቴ እኔ ተጣላሁ፣ እሷ ሰማች። «ሰማዕት ልትሆኚ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም? በምን ልትረግጪ ነው? ሐናን በምን ልታስተምሪ ነው?»

«ልጁ ሥራው ይሄዳል።»

«እግርሽስ?»

«የእኔ ያልፋል።»

«አያልፍም ብሎሻል እኮ! ጠማማ ሆኖ ይገጥማል ብሎሻል!»

ባለ ባጃጁ በመስታወት ያየናል። ሙሉመቤት የቀሚሷን ጠርዝ ትጠቀልላለች። ቆይታ «እሁድ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ» አለችኝ። «እንድፈርምላቸው። ሽማግሌ ቤቴ መጥቶ እንዴት ነው እምቢ የምለው ፍቄ? አንቺ ብትሆኚ ትያለሽ?»

እል ነበር። ግን ዶክተሩ ፊት አንድ ቃል ማውጣት ያቃተኝ እኔው ነኝ፤ በየትኛው አፌ ልንገራት? ቆሽቴ ያረረው በሷ ብቻ አልነበረም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤቷ ሄድኩ። ገና በሩ ላይ ይዛኝ «በሞቴ ፍቄ፣ ዛሬ አፍሽን ያዢልኝ» ብላ አስማለችኝ። ማልኩላት። ሶፋ ላይ ተቀምጣ እግሯን በጋቢ ሸፍናለች፤ ከላይ ስትታይ ምንም ያልሆነች ትመስላለች። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። መሪያቸው የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ግማሹን ሰፈር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ሙሉመቤትንም ጭምር። ብሩክና እናቱ በሩ አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እኔ ጥግ ላይ፣ ከንፈሬን ነክሼ።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ሙሉመቤት፣ የመጣንበትን ታውቂዋለሽ። ልጁ ጥፋቱን አምኗል። ጉዳቱም ተመስገን ቀላል ነው ብለውናል። እንግዲህ ለእኛ ስትይ ይቅር ትይውና፣ ይችን ወረቀት ፈርመሽለት ነገሩ እዚሁ ይዘጋል።» ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፣ አነበቡት። ምንም ዓይነት ጉዳት አልደረሰብኝም፤ ወደፊትም በማንኛውም መልኩ አልጠይቅም ይላል።

«ቀላል ነው» ሲሉ የወንበሬን እጀታ ልነቅለው ነበር። ምዬላታለሁ! ሙሉመቤት ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«ይቅር ብዬዋለሁ ጋሼ።»

«ተባረኪ! ከክፉ ይሰውርሽ! የልጅሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ!» ሦስቱም በየተራ መረቁ። እኛም አሜን፣ አሜን አልን። እስክሪብቶ ወጣ። ጋሽ ደምሴ ግን ሥርዓቱ ይቅደም ብለው ወደ ብሩክ ዞሩ። «በል ልጄ፣ ተነስ። ጉልበቷን ሳም።»

ልጁ ስድስት ቀን ሙሉ ይችን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ተንደርድሮ መጣ። ከእግሯ ሥር ወደቀና በሁለት እጁ ሁለቱንም ጉልበቶቿን በጋቢው ላይ ጥምጥም አድርጎ አቀፋቸው። ጭንቅላቱን ሲጭንባቸው እኔ ተነስቼ «ተው!» ልል፣ ገና «ተ» ላይ ነበርኩ።

ሙሉመቤት ጮኸች።

ባሏን ስንቀብር እዚያው ነበርኩ፤ እንዲያ አልጮኸችም። ሐናን ስትወልድ አልነበርኩም፣ ግን ያን ጊዜም እንዲያ የጮኸች አይመስለኝም። ልጁ እንደ ደነገጠ በቂጡ ወደ ኋላ ተቀመጠ። ከጋሽ ደምሴ እጅ እስክሪብቶው ወደቀ።

«አመመኝ!» አለች። «ያመኛል እኮ! ከሰኞ ጀምሮ ያመኛል! ስቀመጥ ያመኛል፣ ስተኛ ያመኛል፣ ‹ደህና ነኝ› ስላችሁ ያመኛል!» እያለቀሰች ጋቢውን ገፈፈችው። ቀሚሷን በራሷ እጅ እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና እግሯን ለሽማግሌዎቹ አሳየቻቸው። አስፋልት ላይ ወድቃ ቀሚሷን ስትጎትት የነበረችው ሴትዮ ናት እንግዲህ! እግሯ ከጉልበቷ ሥር ወይን ጠጅ መስሏል፤ ቀርከሃው ታስሮ የነበረበት ሰንበር እስካሁን አልጠፋም። ራጁ ከሶፋው ሥር ነበር፤ እሱንም አውጥታ ለጋሽ ደምሴ ሰጠቻቸው።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አስተካክለው ራጁን ወደ መስኮቱ አነሱት። አስተማሪ ናቸው፣ ቀጥ ያለና የተጣመመ ለመለየት ሐኪም አያስፈልጋቸውም። ወደ ሂሩት ዞሩ። «ቀላል ነው ያላችሁኝ ይህን ነው?»

«እኔ ምን ላድርግ ጋሼ!» አለች ሂሩት እያለቀሰች። «እሷ ናት ምንም አልሆንኩም ያለችን! በየቀኑ እየጠየቅናት!»

መቼም እውነቷን ነው። የዚያን ቀን ሂሩትን ልጠላት ፈልጌ አቃተኝ።

ሙሉመቤት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ብሩክ አሁንም መሬት ላይ ነው። እጇን ዘርግታ ጭንቅላቱን ዳሰሰችው። «ብሩክ ልጄ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው፣ ቂም የለኝም። ወረቀቱን ግን አልፈርምም።»

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው «እንዴ፣ ይቅርታ ነው ታዲያ ይሄ?» አሉ።

«ነው አባቴ» አለች። «ይቅርታው የእኔ ነው፣ ሰጥቼዋለሁ። እግሬን ግን እፈልገዋለሁ። በእሱ ነው እንጀራዬን የምበላው። ምንም አልሆንኩም ብዬ ልፈርም አልችልም፤ ሆኛለሁ።»

ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። «እኛ የመጣነው ሰው ልናስታርቅ ነው፤ ታርቀዋል» አሉ። «እግር የተሰበረበትን ሰው አልተሰበርኩም ማሰኘት የሽማግሌ ሥራ አይደለም። ብሩክ፣ ነገ ጠዋት አለቃህ ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ። ከዚያ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት።» ልጁ «እሺ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገጨኋት፣ እናገራለሁ» አለ። ሸክም የወረደለት ነው የሚመስለው። መሐላዬ ያበቃ መስሎኝ አንድ ሁለት ቃል ጣል ላደርግ ስል ሙሉመቤት በዓይኗ አስቀመጠችኝ።

ሰኞ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ትራፊኩ ወንድሙ ደብተሩን ገለጠ። እኔ «ምንም አልሆንኩም ብለዋል፣ አለቀ» ይለናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከታርጋው ቁጥር ሥር የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ተጎጂዋ ምንም አልሆንኩም ብለዋል። ነገር ግን ቀኝ እግራቸውን አይረግጡም።» አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ልስመው ምንም አልቀረኝ። ብሩክ ቃሉን ሰጠ፣ አለቃውም የመኪናውን ኢንሹራንስ ወረቀት ላከ። ሰውየው ልጁን አላባረረውም፤ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ከመሪው አንስቶ መጋዘን አስገብቶታል። ክሱ ምን እንደሚሆን እስካሁን አይታወቅም።

ካርዱ ቀረ። ዶክተር ከድር የመጀመሪያውን ጽሑፍ አልሰረዘም፤ ሥሩ ቀን አድርጎ፣ ታካሚዋ ቃላቸውን ማስተካከላቸውን፣ ስብራቱም ከጎን በመመታት እንደሚመጣ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «ማሸቱስ?» አለ። ሙሉመቤት አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

«ወጌሻ ነው። የጠራሁትም እኔ ነኝ። ጻፈው።»

እሱንም ጻፈው። ኢንሹራንሶቹ በዚህ በኩል ማንገራገራቸው አልቀረም፤ ሁለቴ ሦስቴ አመላለሱን። እኔም ሱቄን እየዘጋሁ ተመላለስኩ፣ ጮህኩም። በመጨረሻ የሕክምናውን ወጪ እንሸፍናለን ብለው ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሐሙስ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ዶክተሩ ግን አልደበቀንም። በተገጨችበት ሰኞ ወዲያው መጥታ ቢሆን ጄሶ ብቻ ይበቃት ነበር። አሁን ትሄዳለች፣ ትሠራለች፤ ትንሽ ማነከሷ ግን አይቀርም።

በማግሥቱ ጠዋት ሙሉመቤት የተኛችበት ክፍል ስገባ ስድስት ሴቶች ተኝተዋል። ነርሷ ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞረች «እንዴት አደሩ?» ትላለች። አንዷ እግሯ ተሰቅሏል፣ አንዷ ወገቧ ታስሯል፤ ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ይላሉ። ሙሉመቤት ጋ ስትደርስ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ያመኛል» አለች። ነርሷ መርፌ ይዛ መጣች። አጠገቧ ያለችው እግሯ የተሰቀለው ሴትዮ ይህን አይታ «እኔንም ያመኛል» አለች። ዘግይታ የሰማችው ሐና ከእናቷ ትራስ አጠገብ ሆና በሳቅ ፍርፍር አለች።

ሐና ሻይ ልትገዛ ስትወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ካለፈው አርብ ጀምሮ የያዝኩትን ነገር ማውጣት ነበረብኝ። «ሙሌ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «በማነከስሽ እኔ አለሁበት።»

እንደ ልማዷ «ኧረ ምንም አይደል» እንድትለኝ ጠበቅኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሷን ልሰማ ነው የመጣሁት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። ዓይኔን ቀጥ ብላ አየችው። «ግን በጣም አሞኝ ነበር ፍቄ። እጄን ይዘሽ ‹ቻይው› ስትይኝ፣ ልሞት ነበር።»

ተነሳሁና ከእግሯ ሥር የሸሸውን ትራስ አስተካከልኩላት።